ኮርት አውቆ መሬት ላይ የጣላት ኳስ

ኮርት ሃልቨርሰን ኳስ ሲወረውር እስከ ሃያ ያርድ ድረስ ጌታ ነው። ከሃያ ያርድ በላይ ግን ኳሷ እንደ ተመታች ዳክዬ ትወርዳለች። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ አልነበርኩም። የኮሌጁ ምግብ ቤት ሠራተኞች ያውቁታል፣ ፓስተራችን ያውቀዋል፣ በመጨረሻም የምንገጥማቸው ቡድኖች በሙሉ አወቁት። ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሷን ለቡድኑ የሚወረውር መሪ ተጫዋች፣ ሆኖ ሩቅ መወርወር አለመቻል ድምፅ ሳይኖር ዘፋኝ እንደመሆን ነው፤ ግጥሙን ብታውቅም ሰው ተነስቶ ይሄድብሃል።

እኔ ሌስ ኮፔትስኪ እባላለሁ፤ ሴንተር ነበርኩ። ሴንተር ማለት አጎንብሶ ኳሷን በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ ለኳርተርባኩ የሚያቀብል፣ ወዲያው ቀና ብሎ ከፊቱ ከቆመው ግድግዳ የሚያህል ሰውዬ ጋር የሚላተም ወፍራም ሰው ነው። ስማችን ጋዜጣ ላይ አይወጣም። በእኛ ምክንያት ስታዲየም የመጣች ሴት ልጅ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የምናየው ሣር፣ ጭቃና የሰው ጉልበት ነው። ነገር ግን ኮርትን አራት ዓመት ሙሉ በእግሮቼ መሀል ዘቅዝቄ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ስለ እሱ ለማውራት ከእኔ የሚቀድም ሰው የለም።

ዊንሎው ኮሌጅ ኔብራስካ ውስጥ፣ በበቆሎ እርሻ መሀል ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። እዚያ የፉትቦል፣ ያ በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካኖቹ፣ ድል እንደ ዝናብ ነው፤ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ፊቱ ይጠቁራል። የእኔና የኮርት የመጨረሻ ዓመት ላይ ጠፋ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በጥቂት ነጥብ ተሸነፍን፣ ተስፋ ግን ነበረን። ችግሩ የመጣው ከፊልሙ ነው። ቡድኖች ከመግጠማቸው በፊት የጨዋታ ፊልም መለዋወጥ ደንብ ነው፤ እኛም እንደ ደንቡ ላክን። ገመናችንን በገዛ እጃችን ፖስታ ቤት ወስደን ላክነው ማለት ነው።

በሦስተኛው ጨዋታ የተጋጣሚው የኋላ ጠባቂዎች ቦታቸውን ጥለው መጥተው አፍንጫችን ሥር ቆሙ። ሩቅ የሚወረወር ኳስ ካልፈሩ ኋላ ምን ያስቀምጣቸዋል? ሯጫችን ኳሷን ይዞ በተነሳ ቁጥር ዘጠኝ ሰው ይከመርበት ጀመር።

"ኑ፣ ኑ! ቅረቡ!" ይላል አንዱ። "ሃያ ብቻ ነው ያለው፣ ከሃያ አያልፍም!"

"አንተ ሃያ! እናትህን ላክልን፣ እሷ ትሻላለች!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሃያ ሆነ። የሚያናድደው ደግሞ ልጁ ከእነሱ ሁሉ የተሻለ ጭንቅላት የነበረው መሆኑ ነው። እኔ ገና ሳላጎነብስ በጆሮዬ፣ "ሌስ፣ ከግራህ ያለው ሰውዬ ቁርጭምጭሚቱን ታሟል፣ በሱ በኩል ግፋ" ይለኛል። እውነትም ሰውዬው ያነክሳል። ኮርት የሜዳውን ሃያ ሁለት ሰው ሁሉ የት እንደሚሄድ ከነሱ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ክንድ ግን በማወቅ አይረዝምም።

አባቱ ጌይለን ሃልቨርሰን በዘመኑ የዚያው ኮሌጅ ኳርተርባክ ነበር። ፎቶው ጂምናዚየሙ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል፤ ፀጉሩ የተላጨ፣ አገጩ እንደ ድንጋይ። ከብት አርቢ ነው። ላም ሲሸጥ እንኳ ገዢው ሳይጠይቀው ጉድለቷን የሚናገር፣ ሰውን ደስ ለማሰኘት አንዲት ቃል የማያባክን ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌላው ወላጅ ጋር አይቀመጥም፤ በደቡቡ በር አጠገብ አጥሩን ተደግፎ ይቆማል። ጨዋታው ሲያልቅ ኮርት ይሄድና ከፊቱ ይቆማል።

"ኳሷን ቶሎ ትለቃታለህ" ይላል አባቱ። ወይም፣ "እግርህ አልተተከለም።" ወይም ምንም አይልም።

አንድ ጊዜ ተሸንፈን በአውቶቡስ ስንመለስ ኮርት መስኮቱን እያየ፣ "ሌስ፣ አባቴ አንዲት ቀን አይቶኝ 'ጎበዝ' ቢለኝ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም" አለኝ።

"የኔ አባት ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ጎበዝ ይለኛል።"

"ለዚህ ነዋ እንዲህ ሰንፈህ የቀረኸው።"

ሳቅኩ። ነገሩ ግን ሆዴ ገባ። እኔ የምወረወር፣ የምረገጥ ሰው ነኝ፤ ከቡድናችን ሽንፈት ይልቅ ያን የመሰለ ልጅ ለአንዲት ቃል ሲንከራተት ማየት የበለጠ ያበሽቀኝ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ አሰልጣኛችን ኮች ሪድል ኮርትን አስቀምጦ ማርሴል ፖልክን አስገባ። ማርሴል ከኦማሃ የመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ኳስ ሲወረውር ፉጨት ይሰማል፤ ከዚህ ጎል እስከዚያ ጎል ቢሉት ይወረውራል። የሚወረውርበትን ምክንያት ግን አያውቅም። ክብ ሠርተን ቆመን ትእዛዙን ከነገረን በኋላ መልሶ እኛን ይጠይቀናል።

"ቆይ፣ ይሄ በቀኝ ነው በግራ?"

"አንተ አይደለህ እንዴ አሁን የነገርከን?" እለዋለሁ።

"ነግሬያችኋለሁ፣ ግን ልክ ነበርኩ?"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነብን። ኳሷ እስከ ሰማይ ትሄዳለች፣ ስትወርድ የምታገኘው የተጋጣሚን ሰው ነው። አሁንም ተሸነፍን። ልዩነቱ ቀድሞ በአጭሩ ስንሸነፍ አሁን በረጅሙ መሸነፋችን ነበር።

በኮርት ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ጥግ ይይዝ ነበር። እሱ ግን ማርሴልን በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይዞት ይቀመጣል፤ በጨውና በበርበሬ ማስቀመጫ፣ በሹካና በማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ሜዳ ሠርቶ ያስተምረዋል። ማርሴልም ባለጌ ልጅ አልነበረም። "ሃልቪ፣ ያንተን ጭንቅላት እኔ ላይ ቢገጥሙልኝ እኮ ቴሌቪዥን ላይ ነበርን" ይለዋል። ኮርት ይስቃል። ቅዳሜ ሲመጣ ኮፍያ አድርጎ ከሜዳ ውጭ ይቆምና በእጁ ምልክት እየሰጠ ያጫውተዋል። አባቱም መምጣቱን አልተወም፤ አጥሩን ተደግፎ፣ ልጁ ቆሞ ሲውል ቆሞ ያያል።

የቀረን አንድ ጨዋታ ነበር፤ በሜዳችን፣ ከግራንት ሂልስ ጋር። አንድም ጊዜ ሳናሸንፍ ነው እዚያ የደረስነው። በዚያ ሳምንት ሰኞ ከሰዓት ኮርት ጎትቶ ኮች ሪድል ቢሮ ወሰደኝ። ኮች የሱፍ አበባ ፍሬ እየቀረጠፈ ገለባውን ኩባያ ውስጥ ይተፋል። እድሜውን ሙሉ ሲያሰለጥን የኖረ፣ ጉልበቱ የተበላሸ፣ ደግ ግን ነጭናጫ ሰው ነው።

"የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስለሆንክ እንዳስገባህ ነው የመጣኸው?" አለው ገና ሳንቀመጥ። "አስገባሃለሁ፣ አትለምነኝ።"

"ልመና አይደለም ኮች። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ሜዳ ስገባ ምን ያደርጋሉ?"

"ማን?"

"ግራንት ሂልሶች።"

ኮች ገለባውን ተፋ። "ወደ ፊት ይመጣሉ። ምን ታደርገዋለህ፣ አይተውሃል።"

"ኳሴ መሬት ስትነካስ?"

ኮች ሌላ ፍሬ አፉ ውስጥ ጨመረ። 

"ይስቃሉ" አለ ኮርት ራሱ። "ቆመው ይስቃሉ። ኮች፣ የሚስቅ ሰው አይሮጥም።"

ሐሳቡን ነገረን። ወደ ፊት የተወረወረች ኳስ መሬት ከነካች ሞተች፤ ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ወደ ኋላ የተወረወረች ኳስ ግን መሬት ብትነካም አልሞተችም፤ ያነሳት ሰው ይዟት መሮጥም መወርወርም ይችላል። ማርሴል በግራ ጥግ፣ ከኮርት ትንሽ ወደ ኋላ ይቆማል። ኮርት ወደ እሱ ወርውሮ አውቆ መሬት ያስነካታል። ግራንት ሂልሶች 'ሃያ ደግሞ ጣላት' ብለው ሲቆሙ፣ ማርሴል ያነሳትና በዚያ መድፍ ክንዱ ሩቅ ይወረውራታል። የኋላ ጠባቂ የሚባል ሰው እንደሆነ ሁሉም ፊት መጥቷል።

"ይሄ ተንኮል ድሮም አለ" አለ ኮች።

"አለ። ግን ማንም አሰልጣኝ ሲጥል ሰው የሚያምነው ኳርተርባክ አልነበረውም። እኔ ስጥል ግን ያምናሉ" አለ ኮርት።

ኮች መቅረጠፉን አቆመ።  በኋላም፣ "ለማንም እንዳትነግሩ። ለሴት ጓደኛ የለ፣ ለወላጅ የለ፣ ለውሻ የለ" አለ።

ልምምዱ በኮሌጁ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ሆነ፤ በሩን ዘጋን። እንቁላል መሳይ ኳስ ስትነጥር የት እንደምትሄድ ፈጣሪ ራሱ አያውቅም። በጫፏ ከወደቀች ወደ ጣሪያው፣ ወይም ወደ ሰው ጥርስ ትሄዳለች። በሆዷ ከወደቀች ግን እንደ ጨዋ ልጅ ቀጥ ብላ ትነሳለች። ኮርት በሆዷ ሊጥላት ይሞክር ጀመር። መጀመሪያ ማርሴል ኳሷን ከግድግዳ ግድግዳ ሲያሳድድ ዋለ። ሐሙስ ላይ ግን ኮርት በፈለጋት ቦታ፣ በፈለጋት ጎን የሚጥላት ሆነ። እንዲህ ያለ የእጅ ጥበብ አይቼ አላውቅም፤ የሚያሳዝነው ለመጣል መሆኑ ነው።

ከባዱ ግን ሌላው ነበር፦ ትወናው። ኳሷ መሬት ስትነካ እኛ የፊት መስመር ተጫዋቾችም መጋፋታችንን ትተን፣ እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን፣ እንደተሰላቸ ሰው መቆም ነበረብን። ከልጅነታችን ጀምሮ ፊሽካ ሳይነፋ እንዳትቆሙ ተብለን በርግጫ ያደግን ሰዎች ነን። እግራችን እምቢ አለ።

"ሌስ፣ ሰነፍ ሁን!" ብሎ ጮኸ ኮች።

"እየሞከርኩ ነው ኮች!"

"ምግብ ቤት ገብቶ ምግብ እንዳለቀበት ሰው ቁም!"

ያኔ ገባኝ፣ ጥሩ አድርጌ ቆምኩ። ማርሴል ደግሞ ትወናው በዛበት። ኳሷ ስትወድቅ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል፣ ተንበርክኮ መሬት ይደበድባል።

"እናትህ አልሞተችም እኮ!" አለው ኮርት። "እጅህን ብቻ አውርድ። እኔ ስጥል እስከ ዛሬ ምን ታደርግ ነበር?"

ማርሴል አፈረ። "ወደ ሌላ ቦታ ነበር የማየው፣ አንተን ላለማየት" አለ።

"በቃ እሱን አድርግ።"

ዓርብ ወደ መኝታ ቤታችን ስንሄድ ያስጨነቀኝን ነገር አወጣሁት። "ለአባትህ ንገረው።"

"ኮች ምን አለ?"

"ኮች ለውሻ አትንገሩ አለ፣ አባትህ ውሻ አይደለም። አንዲት ቃል ብቻ፤ 'ኳሷ ስትወድቅ ዓይንህን እንዳትነቅል' በለው።"

ኮርት ራሱን ነቀነቀ። "አባቴ አይዋሽም ሌስ። ነገ ጠዋት ካፌ ውስጥ 'ልጅህ ዛሬ ይገባል ወይ?' ብለው ቢጠይቁት ፊቱ ላይ ያነቡታል። የግራንት ሂልስ ሰዎችም እዚያው ነው ቁርስ የሚበሉት።" ትንሽ ሄደና፣ "ደሞም ሳያውቅ ቢያየው ነው የምፈልገው" አለ።

ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት እንደ ልማዱ የመጨረሻ ዓመት ተጫዋቾች ከወላጆቻችን ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን ወደ ሜዳው መሀል ወጣን። ለእናቶቻችን አበባ ተሰጠ። የእኔ አባት ለካሜራው ሁለት ጣቱን አሳየ። ጌይለን ሃልቨርሰን የእሁድ ኮቱን ለብሶ ነበር። ሲመለሱ ከጎኔ ስለነበሩ የተባባሉትን ሰማሁ።

"ዛሬ ያስገባሃል?"

"አንዴ ሳያስገባኝ አይቀርም አባዬ።"

"እግርህን ትከል።"

"እሺ።"

ከዚያ አባቱ ወደ ደቡቡ በር ሄዶ አጥሩን ተደገፈ። እናቱ አበባዋን ይዛ ከእናቴ ጋር ተቀመጠች። ኮች ደግሞ ዋናውን ዳኛ ወደ ጥግ ወስዶ በጆሮው አንሾካሾከለት፤ ይህም ደንብ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ አሰልጣኝ ዳኛው በስህተት እንዳይነፋ አስቀድሞ ይነግረዋል። ዳኞችም ሰው ናቸው፣ ለኮርት ኳስ ፊሽካ መንፋት ለምደዋል። ዳኛው ኮርትን ዞር ብሎ አየው፣ ከዚያ ጫማውን አየ።

ማርሴል ያን ቀን ከወትሮው ተሻለ። ቀኝና ግራውን ሁለቴ ብቻ ነው የተሳሳተው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በአራት ነጥብ እየተመራን ነበር፤ ኳሷ በእኛ እጅ፣ ሜዳው መሀል አካባቢ። ያኔ ኮች ኮርትን በትከሻው ገፋ አደረገው። ኮርት ኮፍያውን ጥሎ የራስ ቁሩን አጠለቀና ሮጦ ገባ። ማርሴል አንገቱን ደፍቶ፣ እንደተባረረ ሰው ወደ ግራ ጥግ ሄደ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ለመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሚጨበጨብ፣ የይሉኝታ ጭብጨባ።

"ኧረ ሃያ መጣ!" አለ ከፊቴ ያለው ሰውዬ። ጥርሱ ውስጥ ማስቲካ ይታየኛል። "እናንተ፣ ሃያ መጣ! ኑ፣ ሁላችሁም ኑ!"

መጡ። ሁሉም መጡ። ከኋላ የቀረ አንድ ሰው አልነበረም።

"አንተ ወፍራም" አለኝ ባለ ማስቲካው፣ "አሰልጣኛችሁ ለልጁ አዝኖ ነው ወይስ ቤታችሁ መሄድ አማራችሁ?"

አጎነበስኩ።  ኮርት ከኋላዬ ምልክቱን ጠራ፣ ኳሷን ሰጠሁት፣ ከባለ ማስቲካው ጋር ተላተምኩ። ከዚያ የሰማሁት የሕዝቡን ድምፅ ነው።

ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ ስድብ አይደለም የሰማሁት። የሁለት ሺህ ሰው ቁጭት ነው፣ ከደረት የሚወጣ፣ "ኧእእ" የሚል። ኳሷ መሬት ነክታለች ማለት ነው። ቆምኩ። እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ። ባለ ማስቲካው ለቀቀኝና ሳቀ። ከእኛው ደጋፊ መሀል አንዱ፣ "ምነው ይሄን ልጅ ቢያሳርፉት! እሱም ይረፍ፣ እኛም እንረፍ!" ብሎ ሲጮህ ጥርት ብሎ ተሰማ። ድምፅ ማጉያው ላይ ያለው ሰውዬ እንኳ፣ "አልተያዘችም..." ማለት ጀምሮ ነበር። ኮርት ራሱን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ያ ትወና አልመሰለኝም። አንድ ሰው የገዛ ውርደቱን አጥንቶ፣ ተለማምዶ፣ በሚያውቀው ሰው ሁሉ ፊት ሲጫወተው ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ ነው የገባኝ። 

ፊሽካ ግን አልተነፋም።

ማርሴል ወደ ሌላ ቦታ እያየ ኳሷን ከመሬት አነሳት፣ እንደሚመልሳት ሰው ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ከዚያ ወረወራት። ፉጨቷን ሰማሁ። ረጅሙ ተቀባያችን ከማንም ርቆ፣ ብቻውን፣ እርሻ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ይሮጥ ነበር። ያዛት። ገባ። ስድስት ነጥብ።

ስታዲየሙ ፈነዳ። የግራንት ሂልስ አሰልጣኝ ኮፍያውን ረገጠው። ዳኛው ነጥቡ መጽደቁን ለማሳየት ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ባለ ማስቲካው ጓደኞቹን አየ፣ ኮርትን አየ፣ እኔን አየ።

"አውቆ ነው?" አለኝ።

"አውቆ ነው" አልኩት። "ሃያ ይበቃዋል።"

በቀሩት ደቂቃዎች ግራንት ሂልሶች ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። አሸነፍን። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ። ሰው አጥር ዘሎ ገባ፤ መጀመሪያ ማርሴልን ተሸከሙት፣ ማርሴል ግን ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ፣ "እሱ ነው! እሱን ያዙ! ሃልቪን!" እያለ ይጮሃል። ያ ሰውዬ፣ 'ይረፍ' ያለው፣ ኮርትን አቅፎ ጉንጩን ሳመው፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ! ልገፈትረው ነበር።

ኮርት ግን ከሁሉም አናት በላይ ወደ ደቡቡ በር ያይ ነበር። አጥሩ አጠገብ ማንም የለም።

እናቱ እየተገፋች መጣች። አበባዋ ተጨፍልቋል፣ ፊቷ በእንባ ርሷል። "ልጄ! ልጄ!" ካለች በኋላ የሚፈልገውን አወቀችበት። "መኪናው ጋ ሄዷል" አለችው፣ ቀስ ብላ። "ኳሷ ስትወድቅ... ያኔ ነው የሄደው። ልጠራው ብዬ አልሰማኝም።"

 ኮርት ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ፣ እኔም ተከተልኩት፤ ለምን እንደተከተልኩት አላውቅም፣ አራት ዓመት የለመድኩት ከፊቱ መቆም ስለሆነ ይሆናል። ጌይለን ሃልቨርሰን በቀዩ ፒክአፕ ውስጥ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሬዲዮው ተዘግቷል። ስንመጣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ጩኸት ሰማሁ" አለ።

"አሸነፍን አባዬ።"

"እሰይ። ማን አገባው?"

"ማርሴል ወረወረው።"

"ክንድ አለው ያ ልጅ።"

"አለው።"

ሽማግሌው መሪውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። አገጩ ያ ድንጋይ አገጭ አልነበረም። "ሳያልቅ መውጣት አልነበረብኝም" አለ። "ሰዉ እንደዚያ ሲያጉረመርምብህ... መቆም አቃተኝ።"

ኮርት መልስ ፈልጎ ይመስለኛል አፉን ከፈተ። አባቱ ቀደመው። ልጁን ሳይሆን የፊት መስታወቱን እያየ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቅ ለስላሳ ድምፅ፣ "ስትለቃት አይቻለሁ። እግርህ ተተክሏል። አለቃቀቅህ ጥሩ ነበር፣ በጣም ጥሩ። ነፋሱ ነው የጣላት። በዚያ ነፋስ እኔም ብሆን አልችልም ነበር" አለ።

ኔብራስካ ውስጥ ነፋስ የማይነፍስበት ቀን በዓመት ጥቂት ነው። ያ ቀን አንዱ ነበር። ሥጋ የሚጠብሱት ሰዎች ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ በበሩ ላይ ያለው ባንዲራ እንጨቱ ላይ ተለጥፏል። ነገ ጠዋት ካፌ ውስጥ ከአስር አፍ ይሰማዋል፤ ይህን እኔም ኮርትም እናውቃለን። እኔ ግን እስከ ነገ መታገሥ አልቻልኩም።

"ሚስተር ሃልቨርሰን" አልኩ፣ "ያቺ ኳስ እኮ..."

ኮርት ጥፍር ባለው ጫማው እግሬን ረገጠኝ።

"አዎ አባዬ" አለ። "ነፋሱ ነው።"

አባቱ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ የልጁን አንገት ያዘ። እኔ እንባዬን በጓንቴ ጠረግሁ፤ እግሬ ያመኛል፣ ኮርት ግን ገና አልለቀቀኝም ነበር።